ዝሆን ለጋይንት ምኑ ነው?

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው፥ በጉና ተራራ ግርጌ ካለፈ በኋላ በደጋው ትከሻ ላይ ተቀምጣ የሚያገኛት ከተማ ንፋስ መውጫ ናት። ከደብረ ታቦር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ስም ያወጡላት ሰዎች አንዳች አላጋነኑም፤ የተሰማቸውን ብቻ ተናገሩ። ጋቢ ሳይዝ የመጣ እንግዳም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የስሙን ትርጓሜ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

በአንድ የካቲት ወር በዚህች ከተማ አመሸን። ያስተናገደን በዩኒቨርሲቲ አብሮን የተማረ፥ ዛሬ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ተቀጥሮ የሚያገለግል ወጣት ጓደኛችን ነበር። ወሩ የእርከን ሥራ ወር ስለ ሆነ ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ በየተረተሩ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፥ ማታ ደግሞ ስንት ሜትር እርከን እንደ ተሠራ በሪፖርት ሊያሰፍር ወረቀቱን ዘርግቶ ነበር። እኛ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ዝሆን ብዙ እናነብ ስለ ነበር፥ ሻይ እየጠጣን ስለ ዝሆን አወጋነው። ከማንደጃው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ያሞቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጨዋታችንን ሲያዳምጡ ቆይተው፥

«እናንተ ልጆች፥ ዝሆን ዝሆን ስትሉ አመሻችሁ። ለመሆኑ ዝሆን ለጋይንት ምኑ ነው?» አሉን።

ጓደኛችን ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን እንጂ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ጥያቄው ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ አልተወንምና፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ አንባቢዎቻችን አብረውን እንዲመረምሩት ፈቀድን።

ሽማግሌው ያለ ምክንያት አልጠየቁም። በጋይንት ደጋ ዝሆን ስሙ እንጂ አካሉ የለም። ገብስና ድንች የሚያበቅለው ገበሬ ዝሆንን የሚያውቀው በምሳሌ ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላል፤ ክፉ ነገር የሰማ ሰው ደግሞ የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ ብሎ ያልፋል። ባዶ እግሩን በቀይ አፈር ላይ የሚሄደውን ሰው እግሩን የሚያሳብጠውንም በሽታ ዝሆኔ ብሎታል። ከዚህ ያለፈ ትውውቅ የለም። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ ከመስጠታችን በፊት ዝሆን ራሱ ማን እንደ ሆነ፥ እንዴትስ ተወልዶ፥ አድጎና አርጅቶ እንደሚሞት ማወቅ ይገባናል።

ከማሕፀን እስከ ጉርምስና

ላም ፅንስዋን ዘጠኝ ወር ያህል፥ አህያም አንድ ዓመት ያህል ትሸከማለች። ዝሆን ግን የምትሸከመው 22 ወር ነው። በየብስ ላይ ከሚኖሩት አጥቢ እንስሳት ሁሉ ይህን የሚያህል የእርግዝና ዘመን ያለው የለም። ዘንድሮ በመስከረም የፀነሰች ዝሆን የምትወልደው በሚመጣው ዓመት ሐምሌ ነው ማለት ነው። ይህም አለ ነገር አይደለም። ዝሆኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚፀንሱት ዝናብ ጥሩ ሆኖ እናቲቱ ስትጠግብ ነው፤ ብዙዎቹ ግልገሎችም የሚወለዱት ዝናብ ዘንቦ ሣሩ በለመለመበት ወራት ነው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው የዝሆን ሕይወት ከዝናብና ከሣር ጋራ የተቈራኘ መሆኑን እናያለን። ዝናቡ ከጠፋ መፀነሱም ይዘገያል።

ግልገሉ ሲወለድ 100 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ይኸውም አንድ ኩንታል እህል ማለት ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለመቆም ይታገላል፤ ጥቂት ሰዓቶች ቆይቶም ከመንጋው ጋራ ይራመዳል። ነገር ግን ኩምቢው ገና አይታዘዝለትም። ይረግጠዋል፥ ያወዛውዘዋል፥ ወዴት እንደሚያደርገው ያጣል። በአሥር ሺህ በሚቈጠሩ የጡንቻ ጭፍሮች የተሠራውን ይህን መሣሪያ ማዘዝ እስኪማር ድረስ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያው ውሃ የሚጠጣው ተንበርክኮ በአፉ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሕይወቱ በእናቱ ጡት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ዕድሜ እናቱ የሞተችበት ግልገል በሕይወት የመቆየት ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። ጡት መጥባቱንም ታናሹ እስኪወለድ ድረስ፥ አራት ዓመት ያህል፥ ሊቀጥል ይችላል። በዚህ መካከል የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ይታያል። ለሚያየው ሰው ነውር ቢመስልም፥ ቅጠልና ሣር የሚፈጩለትን ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ ሆዱ የሚያስገባው በዚህ መንገድ ነው።

ሴቲቱ ለመውለድ የምትደርሰው 12 ወይም 14 ዓመት ሲሆናት ነው። ከዚያ በኋላ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ አንድ ትወልዳለች፤ መንታ እጅግ ብርቅ ነው። ወንዱ ደግሞ ወደ 12 ወይም ወደ 15 ዓመት ሲጠጋ ከእናቱ መንጋ ይወጣል። አንዳንዱ ብቻውን፥ አንዳንዱም ከእኩዮቹና ከታላላቆቹ ወንዶች ጋራ ይኖራል። በየጊዜው በዐይኑና በጆሮው መካከል ካለው እጢ ፈሳሽ የሚወርድበትና ቁጡ የሚሆንበት ወራት ይመጣበታል፤ በዚያ ጊዜ እንኳን ሰው ሌላውም ዝሆን ይሸሸዋል። ነገር ግን በታላላቆቹ ፊት ተፎካክሮ ሴት ለማግኘት የሚበቃው ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 30 ዓመት ሲሞላው ነው።

አሮጊቲቱ የምትመራው ቤት

የዝሆን መንጋ የሚመራው በአሮጊት ነው። እናቶች፥ ልጆቻቸው፥ እኅቶችና የእኅት ልጆች በአንድነት ይኖራሉ፤ ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው ፊት ፊት ትሄዳለች። ውሃው በየት በኩል እንደ ሆነ፥ የትኛው ጅረት በበጋ እንደሚደርቅ፥ የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ የምታውቅ እርስዋ ናት። ሰው ሊሰማው በማይችለው ወፍራም ድምፅም ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ከሌሎች ዝሆኖች ጋራ ይነጋገራሉ።

ይህ የአሮጊቲቱ እውቀት ምን ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ነገር በታንዛኒያ፥ ታራንጊሬ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ታይቷል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ታላቅ ድርቅ በወረደ ጊዜ ከግልገሎቹ መካከል ብዙዎቹ አለቁ። ተመራማሪዎች መዝገባቸውን ሲመረምሩ ግን ሞቱ በሁሉም ቤት እኩል አለመግባቱን አስተዋሉ። ፓርኩን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ የሄዱት መንጋዎች ግልገሎቻቸውን ይበልጥ አትርፈዋል፤ እነዚህም በዕድሜ የገፉ መሪዎች የነበሯቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበረውን ድርቅ በልጅነታቸው ያዩት አሮጊቶች ውሃው የት እንደ ነበረ ሳያስታውሱ አልቀሩም።

በእኛም ዘንድ ቢሆን የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያዩ አባትና እናት በቤት ውስጥ መኖራቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም የጋይንት ሰው ያውቀዋል። በዝሆንም ቤት እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ዝሆን መጽሐፍ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው፤ አሮጊቲቱ ስትገደል መዝገቡም አብሮ ይቃጠላል። አዳኝ ደግሞ አስቀድሞ የሚፈልገው ትልቅ ጥርስ ያለውን፥ ማለት በዕድሜ የገፋውን ነው።

የዝሆን ሞትም ከምግቡ ጋራ የተያያዘ ነው። በዕድሜው ሁሉ የሚያላምጥባቸው መንጋጋዎች ስድስት ተራ ናቸው። አንደኛው ተፈግፍጎ ሲያልቅ ሌላው ከኋላ እየገፋ ይመጣል። የመጨረሻው ስድስተኛው 60 ዓመት ሲጠጋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚተካ የለም። ያረጀው ዝሆን ለስላሳ ቅጠል ፍለጋ ወደ ረግረግና ወደ ወንዝ ዳር ይጠጋል፤ በዚያም እየከሳ ሄዶ ይሞታል። አውሬ ሳይነካው፥ ጥይት ሳያገኘው ቢኖር ዕድሜው ከ60 እስከ 70 ዓመት ነው፤ እንደ ሰው ዕድሜ ማለት ነው።

እስቲ አሁን በእርሳስ እናስላው። በ13 ዓመትዋ መውለድ የጀመረች ሴት ዝሆን በየአምስት ዓመቱ እየወለደች 50 ዓመት ቢሞላት፥ ሁሉ ነገር ቢሳካላት፥ የምትወልደው ስምንት ግልገል ያህል ብቻ ነው። ከነዚህም ጥቂቱ በድርቅና በአንበሳ ይሞታል። እንግዲህ አንድ አዳኝ በአንዲት ጥይት የሚያጠፋውን ለመተካት የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ያስፈልጋል። የዶሮን ጥፋት በአንድ ዓመት፥ የበግን በሦስት ዓመት ማካካስ ይቻላል። የዝሆንን ጥፋት ግን ያጠፋው ትውልድ ራሱ ሊያካክሰው አይችልም።

ምድርን የሚበላ፥ ምድርንም የሚያለማ

አንድ ጎልማሳ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም፥ ማለት አንድ ኩንታል ተኩል፥ ሣር፥ ቅጠል፥ ቅርፊትና ፍሬ ይበላል። ከ100 እስከ 200 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ የጋይንት እናቶች በሚሸከሙት ጀሪካን ቢለካ ከአምስት እስከ አሥር ጀሪካን ማለት ነው። ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመብላት ነው። ሰፊውን ጆሮውን የሚያርገበግበውም ለጌጥ አይደለም፤ በጆሮው ቆዳ ሥር ያለው ደም በነፋሱ እየቀዘቀዘ መላ አካሉን ያበርድለታልና ነው። ጥላና ውሃ በሌለበት ቆላ ይህ ብቻ አይበቃውም።

ይህን ያህል የሚበላ እንስሳ በአንድ ስፍራ ተወስኖ ሊኖር አይችልም። ይህን ጠርጎ ወደዚያ፥ ያኛው ሲያልቅ ወደ ሌላው መሄድ አለበት፤ እርሱ በሌለበት ጊዜም የተወው ስፍራ ያገግማል። መንገዱ ሲዘጋበት ግን ያለበትን ዛፍ ሁሉ ይገነጥላል፥ ቅርፊቱንም ይልጣል፤ ወይም ደግሞ ወደ ሰው እርሻ ይገባል። የዓመት ልፋቱ በአንድ ሌሊት የጠፋበት ገበሬ ዝሆንን ቢጠላው አይፈረድበትም። ዝሆን ሰውም ይገድላል። ስለ ዝሆን የሚጽፍ ሰው ይህን መደበቅ አይገባውም።

ነገር ግን የዝሆን ውለታም ሊረሳ አይገባም። ከበላው ውስጥ ሆዱ የሚፈጨው ከግማሽ አይበልጥም፤ የቀረው ፍሬውንና ዘሩን እንደ ያዘ ይወጣል። የግራርና የዘንባባ ፍሬ በዚህ ዓይነት ከእናት ዛፉ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በፍግ ተጠቅልሎ ይዘራል። ወንዝ ሲደርቅ ዝሆን በአሸዋው ውስጥ በእግሩና በኩምቢው ጉድጓድ ይቈፍራል፤ እርሱ ጠጥቶ ሲሄድ ሚዳቋው፥ ዝንጀሮውና ወፉ ይጠጡበታል። ጥቅጥቅ ባለ ቍጥቋጦ ውስጥ የሚከፍተውም መንገድ ለሌሎች እንስሳት መተላለፊያ ይሆናል። ዝሆን ከአካባቢው ይበላል፤ አካባቢውም በዝሆን ይኖራል።

በአገራችን የነበረውና ያለው

ይህ እንስሳ በአገራችን ሰሜን እንግዳ አልነበረም። በግብፅ የነገሡት በጥሊሞሶች ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ለማስያዝ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ አዳኞች ይልኩ ነበር። የአዱሊስ ወደብ ከታወቀችባቸው ሸቀጦችም አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት ከቢዛንታይን ንጉሥ ተልኮ ወደ አክሱም የመጣው ኖኖሰስ የተባለው መልእክተኛ፥ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ በመንገድ 5,000 ያህል ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ላይ ተሰማርተው ማየቱን መዝግቧል። ቍጥሩን ከፍ አድርጎት ይሆናል ብንል እንኳ፥ ዛሬ በዚያ ሜዳ አምስት ዝሆን የሚያይ ሰው አይገኝም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ በቆላው በኩል ወደ ስናር ሲወርድ የዝሆን አደን ተመልክቷል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊተኛው ፈረሱን እየጋለበ ዝሆኑን ሲያታልለው፥ የኋለኛው ዘሎ ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቈርጣል። የዚያ ዘመን አዳኝ የሚታመነው በልቡና በፈረሱ ነበር፤ ዝሆኑም የመዳን ዕድል ነበረው። ጠመንጃ ሲበዛ፥ የጥርሱም ዋጋ ሲወደድ ግን ውጊያው እኩል መሆኑ ቀረ። ከአዱሊስ እስከ ጎንደር ቆላ ድረስ የነበረው መንጋ እየተመናመነ ወደ ጠረፍ ተገፋ።

ዛሬ በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት ዝሆኖች ከ2,000 እንደማይበልጡ ይገመታል። የሚገኙትም እዚህም እዚያም በተበታተኑ ስፍራዎች ነው፤ በደቡብ ምዕራብ በጨበራ ጩርጩራ፥ በኦሞና በማጎ፥ በምዕራብ በጋምቤላ፥ በምሥራቅ በባቢሌ፥ በሰሜን ደግሞ በተከዜ ዳር በካፍታ ሽራሮ። የባቢሌው መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዓላማው በዚያ ያሉትን ዝሆኖች መጠበቅ ነበር፤ ስፋቱም ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሆኖም በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን ብቻውን ዝሆን አይጠብቅም። በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ እርሻና መንደር እየሰፋ ሄዶ፥ ዝሆኖቹ በበጋ ከሚጠጉበት ውሃ ላይ ከሰው ጋራ ተፋጠጡ። ገበሬውም ርስት ፈልጎ፥ ዝሆኑም ውሃ ፈልጎ የመጡበት ስፍራ አንድ ሆነ።

መንግሥት መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከአዳኞችና ከአሸጋጋሪዎች ተይዞ የተከማቸውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በአደባባይ አቃጥሏል። ጥርሱ ከሞተው ዝሆን በቀር በማንም ዘንድ ዋጋ እንደሌለው ለማስታወቅ የተደረገ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ዝሆንን የሚገድለው ጥይት ብቻ አይደለም። ውሃውና ግጦሹ የተወሰደበት ዝሆን ጥርሱ ባይሸጥም ይጠፋል።

የዝሆንን ነገር ለማወቅ ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎችም መኖራቸውን ማስታወስ ይገባል። ፕሮፌሰር የሕዝቅኤል ሾሻኒ በኤርትራ፥ በጋሽና በሰቲት በኩል፥ የቀሩትን ከመቶ የማይበልጡ ዝሆኖች ዱካ ተከትለው አጥንተዋል፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቈይተው፥ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በከተማው በአንድ ሚኒባስ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሕይወታቸው አለፈ። ያጠኗቸው ዝሆኖች ወሰን አያውቁም። የተከዜን ወንዝ እየተሻገሩ አንዴ በኢትዮጵያ፥ አንዴ በኤርትራ ይኖራሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ከዚህ ይበልጥ ወደ ሰሜን የሚኖር የዝሆን መንጋ የለም። በጦርነቱ ዓመታትም በመድፍና በጠመንጃ መካከል የኖሩ ናቸው።

የውሃው መንገድ

አሁን ወደ ንፋስ መውጫ እንመለስ። በማግሥቱ ጧት ጓደኛችን እርከኑን ሊያሳየን ከከተማው ወጣ አድርጎ ወሰደን። በአንድ ከፍታ ላይ ቆመን ሳለ፥ በእጁ ግራና ቀኝ እያመለከተ፥ «ይህ ጀርባ የሁለት ወንዞች ወሰን ነው። በዚህ በደቡብ በኩል የወረደ ዝናብ ወደ በሽሎ ገብቶ ዓባይ ይሆናል፤ በዚያ በሰሜን የወረደው ደግሞ ተከዜ ይሆናል» አለን።

ያን ጊዜ የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለን። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፥ በጋይንት ሰሜን በኩል ሲያልፍ የደጋውን ጅረቶች እየተቀበለ፥ ሰሜንን ሰንጥቆ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በ2002 ዓ.ም. በተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ያልፋል፤ 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራውም ይኸው ውሃ ነው። ከግድቡ ወርዶ በካፍታ ሽራሮ ቆላ ይደርሳል። በበጋ ሌላው ጅረት ሁሉ ሲደርቅ የዚያ አገር ዝሆኖች የሚሰበሰቡት በተከዜ ዳር፥ በዘንባባውና በግራሩ ጥላ ነው። ከዚያም ወንዙ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን ይገባል፤ አትባራን ተቀላቅሎም በአትባራ ከተማ ከዓባይ ጋራ ይገናኛል። በጋይንት ጀርባ ላይ ለሁለት የተለያዩት የዝናብ ጠብታዎች እንደገና የሚተያዩት በዚያ ነው።

እንግዲህ ዝሆን ለጋይንት ባዕድ አይደለም። በጋይንት ሰሜናዊ ተረተር ላይ የዘነበ ዝናብ ከሚደርስባቸው ስፍራዎች አንዱ የዝሆን ኩምቢ ነው።

ይህ ለቅኔ የተነገረ አይደለም፤ የሥራ ጉዳይ ነው። በጉናና በጋይንት ተዳፋት ላይ አስታውና ጓሳው ሲመነጠር፥ ተረተሩም ያለ እርከን ሲታረስ፥ የክረምቱ ዝናብ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ይጋልባል። በሦስት ወር ጎርፍ ሆኖ ያልቃል፤ በበጋ ምንጩ ይነጥፋል። አፈሩ መጀመሪያ ከገበሬው ማሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚራበው የጋይንት ልጅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት እርዳታ በዚህ አገር ለብዙ ቤተሰብ ያስፈለገው አለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ አፈሩ በግድቡ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል፤ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል። በመጨረሻም ጕዳቱ በቆላ ያለው ገበሬ፥ ከብቱና ዝሆኑ በአንድነት ከሚጠጡበት ስፍራ ይደርሳል። ውሃ ሲያንስ ሦስቱ በአንድ ጉድጓድ ላይ ይገናኛሉ፤ በዚያም ሲጋጩ መጨረሻው የሚታወቅ ነው።

ዝሆን በደጋ እንዲሰማራ የሚመኝ የለም። የምንለው ሌላ ነው። ዝሆን ለመወለድ ሁለት ዓመት የሚጠጋ፥ ለመውለድ 12 ዓመት፥ ለመምራት ደግሞ 40 ዓመት የሚፈጅ ፍጥረት እንደ መሆኑ፥ ሊኖር የሚችለው መሬቱና ውሃው ለሰው ዕድሜ ያህል ሳይበላሽ በሚቆይበት አገር ብቻ ነው። አንድ ዓመት ተጠብቆ በሚቀጥለው ዓመት የሚጣል መሬት ድንችና ገብስ ሊያበቅል ይችል ይሆናል፤ ዝሆን ግን አያሳድግም። ስለዚህ ዝሆን የሚገኝበት አገር ሁሉ መሬቱን በትዕግሥት የጠበቀ ሰው እንዳለበት ይመሰክራል።

ይህን ለወጣት ባለ ሥልጣኖች መንገር የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። እኛ የምንቈጥረው በበጀት ዓመት ነው። ሰኔ ሲደርስ ስንት ችግኝ ተተከለ፥ ስንት ሜትር እርከን ተሠራ ተብሎ ይጠየቃል፤ የተጠየቀውም ይመልሳል። የተተከለው ችግኝ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ እንደ ጸደቀ፥ የተሠራውም እርከን ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ እንደ ቆመ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ጠያቂውም ተጠያቂውም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋልና። ተማሪውም ቢሆን ለፈተናው ሲል የዝሆንን የእርግዝና ወራት በቃሉ ይዞ፥ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። የመሬት ሥራ ግን የሚቈጠረው በዝሆን ዕድሜ እንጂ በሪፖርት ዕድሜ አይደለም።

ጓደኛችን ይህን በነገርነው ጊዜ ትንሽ ዝም አለና፥ አምና የተሠራውን እርከን ወደሚያሳየን ሌላ ተረተር መራን። አንዳንዱ ፈርሶ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከብት ስላልገባበት ሣር አብቅሎ፥ ከሥሩም ቀጭን ምንጭ ይወርድ ነበር። ማስታወሻውን አውጥቶ የቆመውንም የፈረሰውንም በየረድፉ መቍጠር ጀመረ። «ይህን የሚጠይቀኝ የለም፤ ግን ልቍጠረው» አለን።

ከመሄዳችን በፊት ማታ እንደ ለመዱት ከማንደጃው አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ አገኘናቸው። «አባቴ፥ ትናንት የጠየቁንን ዛሬ አገኘነው» ብለን የውሃውን መንገድ ከተረተሩ እስከ ቆላው ድረስ አስረዳናቸው። አሁንም እጃቸውን እያሞቁ በጥሞና ሰሙን። ከዚያም ቀና ብለው፥

«እንግዲያ ከኛ ቤት የሚጠጣ ከሆነ እንግዳችን ነዋ። ለእንግዳ ደግሞ ድፍርስ ውሃ አይሰጥም» አሉ።

ጓደኛችን እርሳሱን አንሥቶ በዚያ ምሽት በሪፖርቱ ላይ አንድ ረድፍ ጨመረ፤ ርዕሱም «የፈረሰ» የሚል ነበር።